አንድ ግቢ፣ አራት ሥራ፦ ከናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ እስከ አስቱ

ስለ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (በአጭሩ አስቱ) የሚጻፈው ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኮሌጅ ነበረ፣ አደገ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ከዚያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በቃ። ሲያነቡት ከአንደኛ ክፍል ተነስቶ ሳይወድቅ እየተዛወረ አሥራ ሁለተኛ የደረሰ ልጅ ታሪክ ይመስላል።

እኔ ታሪኩን ስመለከተው እድገት ብቻ አይደለም የሚታየኝ። የሥራ ዝውውርም ይታየኛል። ግቢው አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሥራውን መልመድ ሲጀምር ሌላ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውን ሲይዝ ሦስተኛ ይመጣል። አንዳንዱ ዝውውር ጠቅሞታል፣ እንዲያውም በጣም ጠቅሞታል። አንዱ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ዋጋውን የከፈለችው ደግሞ አዳማ ብቻ አይደለችም፣ በየዞኑና በየወረዳው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር። ወሩን ወይም ዓመቱን በኛ አቆጣጠር በትክክል የማውቀውን እንደዚያው እጽፋለሁ። ሌላውን እ.ኤ.አ. እያልኩ ነው።

ከከተማዋ እንጀምር

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ። የድሮው ባቡር ያለፈባት፣ አሁን አዲሱ ባቡር የሚያልፍባት፣ የፍጥነት መንገዱ የሚያልቅባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን እዩት። በደች ኩባንያ ተጀምሮ ከ1940ዎቹ አንስቶ ስኳር የሚያመርተው ወንጂ አጠገቧ ነው። የቆቃ ግድብ ቅርብ ነው። ከተማው ውስጥ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ አለ። በየሰፈሩ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤት፣ ብየዳ ቤት ሞልቷል፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ሁሉ ሲሰበር እዚሁ ነው የሚጠገነው። በቅርቡ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨመረ። ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፦ የመጀመሪያው ፕሮጀክት 34 ተርባይኖች፣ 51 ሜጋ ዋት፤ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት።

ይህን የምዘረዝረው ከተማዬን ለማሞገስ አይደለም (ብትሞገስም ደስ ይለኛል)። የእጅ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ የትም ሊከፈት ይችላል፣ ግን እንደ አዳማ ተማሪው ከግቢ ወጥቶ የተማረውን ወዲያው በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ብዙ የለም። ይህ ነገር ኋላ ላይ ለማነሳው ነጥብ ያስፈልገናል።

የመጀመሪያው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ። ያኔ ከተማዋ በይፋ ናዝሬት ነበረች። ሥራው ግልጽ ነበር፦ በቴክኖሎጂ ዘርፎች በዲፕሎማና በዲግሪ ማስተማር። ጊዜውን አስታውሱ። ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው።

አገሪቱ ከዚያ በፊት የቴክኒክ ትምህርት አልነበራትም ማለት አይደለም። ተግባረ እድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነበረ። በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ፣ ከስዊድን ጋር ደግሞ የሕንፃ ግንባታ ተቋም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ከነዚህ ብዙዎቹ ጀርባ አንድ የውጭ አገር አለ። ስዊድን፣ ሶቪየት። አዳማ ላይም ይኸው ነገር ይመጣል፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

ሁለተኛው ሥራ፣ በኔ እምነት ትልቁ

ትንሽ ቆይቶ የተቋሙ ስም የናዝሬት ቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሆነ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህችን ክፍል በአንድ መስመር ነው የሚያልፋት።

የ1986ቱ ፖሊሲ የትምህርት መዋቅሩን ቀየረው። አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና መጣ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ወደ መሰናዶ ይገባ ነበር፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባለው ነገር (ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና) በመላ አገሪቱ ተስፋፋ፤ በዚያ ዘመን አሥረኛ የጨረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት በየቦታው ተከፈተ። መንግሥትም ከፈተ፣ የግልም ከፈተ።

ትምህርት ቤት መክፈት አንድ ነገር ነው። ማን ያስተምር? ይህ ሌላ ነገር ነው። የፊዚክስ መምህር ከዩኒቨርሲቲ ይመጣል። የብየዳ መምህር ከየት ይመጣል? ጥሩ በያጅ ከጋራዥ ብታመጣ እጁ ይሠራል፣ ግን ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ለምን ይህን ኤሌክትሮድ እንደመረጠ፣ ኃይሉን ለምን ዝቅ እንዳደረገ በቅደም ተከተል ላያስረዳ ይችላል። መሐንዲስ ብታመጣ ደግሞ ለምኑን ያስረዳል፣ ግን ችቦውን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው በራሱ አይበቅልም። ማሠልጠን ይጠይቃል። ያንን ሰው ለማፍራት ነበር የናዝሬቱ ኮሌጅ የተመደበው።

ይህን ሥራ እንደ ትንሽ ሥራ የሚያዩ አሉ። «መምህራን ኮሌጅ» ሲባል የሆነ ዝቅ ያለ ነገር የሚመስላቸው። እኔ በጣም እቃወማለሁ። አንድ መሐንዲስ ብታስመርቅ አንድ መሐንዲስ አገኘህ። አንድ የቶርኖ አሠልጣኝ ብታስመርቅ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በእጁ የሚያልፉትን ልጆች ቁጠር። ለሥራ አጥነት፣ ለእቃ ጥራት፣ በየመንደሩ ለሚሠራ ቤትና ለሚጠገን መኪና ይህ ሰው ከማንም በላይ ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሌጁ ላይ የቢዝነስ ትምህርት ተጨመረ። ይህም ከዓላማው አልወጣም፤ ተመራቂዎቹ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት አካውንቲንግና መሰል ትምህርቶችን የሚያስተምሩ እንዲሆኑ ነው የታሰበው። በዚህ ጊዜ ተቋሙ አንድ ጥያቄ ነበረው፣ አንድ መልስም ነበረው። የሙያ አሠልጣኝ ከየት ይመጣል? ከናዝሬት።

ሦስተኛው ሥራ፦ ሁሉንም አስተምር

ግንቦት 1998 ዓ.ም. ላይ ኮሌጁ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

በዚያ ሰሞን አገሪቱ በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ትገነባ ነበር። 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቆሙበት ትልቅ የግንባታ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፣ ግንባታውን ይመራ የነበረውም ጂቲዜድ የሚባለው የጀርመን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም የሚባል፣ የኢትዮጵያና የጀርመን መንግሥታት የጋራ ፕሮግራም ተጀመረ። አንዳንዱ ሰው ይህን ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያስታውሰዋል። አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ማሻሻያ ነበረው፣ የቴክኒክና ሙያ ማሻሻያ ነበረው፣ የጥራትና ደረጃ ሥራ ነበረው፣ የግሉን ዘርፍ የማጠናከር ሥራም ነበረው። በሌላ አነጋገር መሐንዲሱን፣ አሠልጣኙን፣ ላብራቶሪውንና ፋብሪካውን አንድ ጣሪያ ሥር ለማምጣት ነበር የታሰበው።

አሁን ስለ አዳማ አስቡ። ያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ አሠልጣኝ የማፍራት ልምድ ያለው፣ ወርክሾፕ ያለው፣ በፋብሪካና በጋራዥ የተከበበ፣ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም የት ነበረ? እዚሁ። የጀርመኖቹ ሐሳብ መሬት ላይ ሊታይ የሚችልበት ቦታ ቢኖር አዳማ ነበረች።

ጀርመኖቹም መጡ። ፕሮፌሰር ሄርበርት አይሸለ የሚባሉ ጀርመናዊ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። የውጭ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲመራ ለኛ አዲስ አልነበረም፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት መሪው ካናዳዊው ዶ/ር ሉሲየን ማት ነበሩ። ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፏል፣ ስለዚህ አዳማ ላይ ሲሆን ወሬው ብዙ ነበር። አንዱ ደግፎ አንዱ ተቃወመ።

የዚያን ዘመን ማሻሻያ ካመጣቸው ነገሮች እኔ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለልምምዱ ነው። በአምስት ዓመቱ የምህንድስና ትምህርት ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ተመደበ። ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት ፋብሪካ ጎብኝቶ አይመለስም። ወራት ይቀመጣል። እርግጥ ልምምዱ በየቦታው እኩል አልሠራም፤ ቡና አፍልቶ ፎቶ ኮፒ አንስቶ የተመለሰ ተማሪም አለ። ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው።

ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ተቋሙ «አዳማ ዩኒቨርሲቲ» ሲሆን ሥራው ሰፋ። ከቴክኖሎጂው ውጪ ሌሎች የትምህርት ዘርፎች ተከፈቱ። ቢዝነሱ ከመምህር ማሠልጠኛነት ወጥቶ ራሱን ቻለ። ማኅበራዊ ሳይንስ መጣ። አሰላ ላይ የግብርናና የጤና ትምህርት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኑ። የመንግሥት ፍላጎት ብዙ ተማሪ መቀበል ነበር፤ በየዓመቱ ከመሰናዶ የሚወጣው ልጅ ቦታ ይፈልጋል፤ ማንም ዩኒቨርሲቲ «አልችልም» የሚልበት ጊዜ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣው 70 በ30 የሚባለው ፖሊሲ ደግሞ (70 ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ) የምህንድስና ክፍሎችን በአንድ ጊዜ አጥለቀለቃቸው።

እስቲ ከወርክሾፕ አንጻር አስቡት። አንድ ፍሬዛ (የብረት መቅረጫ) ማሽን ላይ አምስት ተማሪ ሲሰለፍ አምስቱም ይነካሉ። ሠላሳ ሲሰለፍ ሁለቱ ይነካሉ፣ ሃያ ስምንቱ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ይህ በአዳማ ብቻ የሆነ አይደለም፣ በመላ አገሪቱ የሆነ ነው። አዳማ ላይ ግን የበለጠ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የዚህ ተቋም ዋናው ሀብት ወርክሾፑ ነበር።

አሠልጣኝ የማፍራቱ ሥራስ? በአንድ ቀን አልተዘጋም። ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ እንጂ። ድሮ የቤቱ ባለቤት የነበረው ሥራ አሁን ከተከራዮቹ መካከል ሆነ።

አራተኛው ሥራ፦ ምረጥና አጥብብ

ግንቦት 2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከልነት ተመርጦ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አስቱ ተወለደ። በዚያው ዘመን ቂሊንጦ ላይ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፣ ሁለቱ እንደ መንታ መታየት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ መሪነቱ ወደ ኮሪያ ዞረ። ከሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር ጃንግ ግዩ ሊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከጀርመን ወደ ኮሪያ መዞሩን እንደ ፕሬዚዳንት ለውጥ ብቻ የሚያየው ሰው ዋናውን ነገር ያጣዋል። የተለወጠው አርአያው ነው። ጀርመን በእጅ የሚሠራ መሐንዲስና ከፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ትምህርት ቤት ይዛ መጣች። ኮሪያ ይዛ የመጣችው ሌላ ነው፦ ጥቂት ምረጥ፣ ከሌላው ለይ፣ ምርምር አሠራው።

ይህን ለመረዳት የኮሪያን ልምድ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ ካይስት የሚባለው የኮሪያ ዝነኛ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1971 ሴኡል ላይ ሲቋቋም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ከአሜሪካ በተገኘ የ6 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በስታንፎርዱ ፍሬድሪክ ተርማን በሚመራ ቡድን የጥናት ሪፖርት ነው የተነሳው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ውሳኔ ነበረ፦ ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ፣ በልዩ ሕግ። ለምን? ሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስረው ደንብ እንዳያስረው። ተማሪውን ራሱ እንዲመርጥ፣ ለመምህሩ የተሻለ እንዲከፍል፣ ሥርዓተ ትምህርቱን በራሱ እንዲያወጣ።

እና አዳማ ላይ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2014 አስቱና የአዲስ አበባው አቻው ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥተው ተጠሪነታቸው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

በዚያው ዘመን ሁለት ሌሎች ነገሮች ተከተሉ። አንዱ፣ አሰላ ያሉት ክፍሎች ተለይተው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆኑ። በዚህ አስቱ ቀለል አለ። ሁለተኛው ደግሞ የመግቢያ ፈተናው ነው፣ ስለሱ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

በአገራችን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ አይመርጥም ማለት ይቻላል። ፎርም ይሞላል፣ ምርጫውን ይደረድራል፣ ከዚያ ምደባው ወጥቶ የደረሰውን ያያል። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪውን አይመርጥም፣ የተላከለትን ይቀበላል። በዚህ መሀል ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ማዘጋጀት ጀመሩ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች። ልጁ ፈልጎ ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ይገባል። ይህ ቀላል ለውጥ ይመስላል። አይደለም። ተመድቦ የመጣ ልጅና ፈልጎ ታግሎ የገባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ መምህሩም ለሁለቱ አንድ ዓይነት አያስተምርም። ዛሬ በአዳማም ሆነ ከአዳማ ውጪ ወላጅ «ልጄ አስቱ ገባ» ሲል ኮራ ብሎ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ምርጫ ያመጣው ኩራት ነው።

ዛሬ አስቱ በአምስት የትምህርት ዘርፎች ተደራጅቷል። ኤሌክትሪካል ምህንድስናና ኮምፒውቲንግ፣ ሜካኒካልና ኬሚካል ከማቴሪያል ምህንድስና ጋር፣ ሲቪል ምህንድስናና አርክቴክቸር፣ የተግባር የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የሰብአዊና ማኅበራዊ ሳይንስ። ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ሲለዩም ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻቸው ተመድበዋል። ተጠሪነቱ ከዚያ ወዲህ እንደገና ተቀያይሯል፦ መጀመሪያ ለሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲፈርስ ደግሞ ተመልሶ ለትምህርት ሚኒስቴር።

አሁን ያ ዝርዝር ውስጥ የጎደለውን ፈልጉ። የቴክኒክ መምህራን ትምህርት የለም።

ታዲያ ሥራው የት ሄደ?

አልጠፋም፣ ተዛወረ። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሆነችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 2011፣ አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል ቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሙያ አሠልጣኞችን የማፍራት ሥራ የሱ ሆነ። በኋላም በሌሎች ከተሞች ኮሌጆች ውስጥ ሳተላይት ካምፓሶች ከፍቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማል። አንደኛው «ታዲያ ምን ጠፋ? ሥራው ባለቤት አለው» ይላል። ልክ ነው፣ ወረቀት ላይ ባለቤት አለው፤ ኢንስቲትዩቱም ከባድ ሥራ ነው የተሸከመው፣ አሠልጣኞችንም እያወጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አስቱን እንደ ድሮው የመምህራን ኮሌጅ አድርጉት» ይላል። ይህም አይሆንም። የተመረጡ ተማሪዎች፣ የምርምር ላብራቶሪዎች፣ በብዙ ድካም የተገነባ ስም ይዞ ወደኋላ መመለስ ራሱ አምስተኛ የሥራ ዝውውር ነው። አራቱ ይበቃሉ።

የኔ አቋም ከሁለቱም ይለያል። የጠፋው ሥራው ሳይሆን ግንኙነቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቴክኖሎጂ ትምህርቱና አሠልጣኝ የማፍራቱ ሥራ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ተማሪው የሚሠራበት ማሽንና ነገ ሊያስተምርበት የሚሄደው ማሽን ተቀራራቢ ነበሩ። መምህሩ የሚያስመርቀው ልጅ ነገ የት ቆሞ እንደሚያስተምር ያውቃል። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ግን መሐንዲሱ አንድ ቦታ፣ አሠልጣኙ ሌላ ቦታ ሆኑ፣ በተለያየ መሥሪያ ቤት ሥር፣ በተለያየ በጀት። አዲስ ነገር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይገባል፦ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ የብረት ማሽን)፣ የፀሐይ ኃይል፣ ኤሌክትሪክ መኪና። ያ አዲስ ነገር ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚደርስበት መንገድ ግን ቀጭን ነው። ውጤቱን አንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ ገብታችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ማሽኑ በእርዳታ መጥቶ በላስቲክ እንደተሸፈነ ይቀመጣል፤ የሚያስነሳው የለም። አሠልጣኙ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማሽኑን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ ነው።

ይህ ያናድደኛል። ምክንያቱም ከተማዋ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ዩኒቨርሲቲውም አለ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም አለ፣ ቶርኖ ቤቱም አለ፣ ፋብሪካውም አለ። ባጃጅ ተይዞ በአንድ ቀን ሁሉም ጋ መድረስ ይቻላል።

ከዚህ ጉዳይ የማየው

አንደኛ፣ አዳማ ላይ ጥሩ የሆነው ሁሉ የሆነው ተቋሙ ጠባብ ሥራ በተሰጠው ጊዜ ነው። በመምህራን ኮሌጅነቱ ዘመን ጠባብ ነበር፣ ሥራውን ያውቅ ነበር። በአስቱ ዘመን እንደገና ጠበበ፣ ስሙም ተነሳ። የተቸገረው በመሀል፣ ሁሉንም አስተምር ሲባል ነው። ይህን የምለው በጊዜው የነበሩትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። ያን ያህል ተማሪ ወዴት ይሂድ? የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነበር።

ሌላው የውጭ አርአያ ጉዳይ ነው። ጀርመንም ኮሪያም ጥሩ ነገር አምጥተዋል፣ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ኢንተርንሺፑ ከነሱ የቆየልን ነው፣ መግቢያ ፈተናውም እንደዚሁ። ግን አንድ አገር አርአያውን የሚገነባው በሃምሳ ዓመትና በመቶ ዓመት ነው፤ እኛ አንዱን ጀምረን ፍሬውን ሳናይ ሁለተኛውን ጀመርን። የጀርመኑ ሐሳብ፣ መሐንዲሱንና አሠልጣኙን የማገናኘቱ፣ ገና ሳይበስል ነው የተተወው። በኔ ግምት ከሁሉም በላይ ለአዳማ የሚስማማት እሱ ነበር።

ስለ ተጠሪነቱ መመላለስ ብዙ አልልም። አንድ ፕሬዚዳንት በአሥር ዓመት ውስጥ ለሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ የአሥር ዓመት እቅድ ማውጣት ይከብደዋል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

ምን ይደረግ?

አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ አዲስ ስምም አያስፈልግም። ክረምት ላይ ተማሪው ወደየቤቱ ሲሄድ የአስቱ ወርክሾፖችና ላብራቶሪዎች ነፃ ጊዜ ይኖራቸዋል። የአዳማና የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች፣ ከሞጆ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከአሰላ፣ ከመተሐራ፣ በዚያ ጊዜ ይግቡ። ስብሰባ ተቀምጠው ፓወር ፖይንት እንዲያዩ አይደለም። ቱታ ለብሰው፣ ማሽኑን ነክተው፣ ሰብረው ጠግነው እንዲወጡ። የሥልጠናውን ብቃት የሚመሰክረውን ወረቀት ኢንስቲትዩቱ ይስጥ፣ ሥልጣኑ የሱ ስለሆነ፤ ማሽኑንና መምህሩን አስቱ ይስጥ።

ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው። የአስቱ የሜካኒካል ተማሪ ኢንተርንሺፕ ሲወጣ ሁልጊዜ ፋብሪካ መሄድ የለበትም። ጥቂቶቹ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይመደቡ፣ በላስቲክ የተሸፈነውን ማሽን ማስነሳት የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ይሁን። ማኑዋሉን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ይውጡ። አሠልጣኙ አጠገባቸው ቆሞ ይይ፣ እነሱም ማሽን ማስነሳትና ሰው ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚያው ይማሩ። መጀመር ያለበት ደግሞ እዚሁ አዳማ ካሉት ኮሌጆች ነው። ለትራንስፖርት እንኳን በጀት አይጠይቅም።